የዋልታው ቤት ሳንቃ

ቅዳሜ፣ ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጄኔቫ ያለው ሰፈሬ ኦ ቪቭ ገና አልነቃም። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ብቻ መብራቱን አብርቷል፤ የትኩስ ዳቦ ሽታ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይከተላል። ወሩ ግንቦት ቢሆንም ካፖርቴን ለብሻለሁ። ጋዙ መዘጋቱን ለማየት ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ ወርጃለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የሁለት ቀን ልብስ፣ ሁለት ኪሎ በሶና አንድ ጠርሙስ ማር አለ። የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ወር ሙሉ ሳልፈርምበት የቆየ ወረቀት አለ።

ስለ ወረቀቱ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጄ ምሕረት ዙሪክ አጠገብ የአናጢነት ሙያ ትማራለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ላልሞላው ሰው ወላጅ ይፈርምለታል። የምትማርበት የእንጨት ሥራ ቤት በሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለ ደሴት ላይ የቆመ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት እንዲጠግን ሥራ ተሰጥቶታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስድስት ሳምንት ሄደው ይሠራሉ። አለቃቸው፣ እነሱ ማይስተር የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ከሦስት ወንዶች ጋር ምሕረትን መርጠዋታል። ወረቀቱ እኔ እናቷ መፍቀዴን የሚያሳይ ነው። በስልክ "እሺ፣ አየዋለሁ" እያልኩ አቆየኋት። ዛሬ የምሄደው ፊት ለፊት አልፈርምም ልላት ነው።

ምክንያቴን እናንተ ያገሬ ሰዎች ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ሳለን ባለቤቴን "ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" ብለው ከቤት ወሰዱት። ኮቱን እንኳ አልለበሰም። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ምሕረትን ይዤ በሱዳን በኩል ስወጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች ሳላውቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ስልክ የሌለበት፣ ሐኪም የሌለበት፣ ነጭ ድብ የሚዞርበት ቦታ አልልካትም ብዬ ቆርጬ ነው የወጣሁት።

ባቡር ውስጥ

ከኮርናቫን ጣቢያ በሰዓቱ ተነሣን። ቲኬት የሚያየውን ሰው "ይህ ዙሪክ ይሄዳል?" ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣

"ማዳም፣ ዙሪክ ካልሄደ እኔም ለሚስቴ ምን እንደምላት አላውቅም" አለኝ።

ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሆኖም ሎዛን ስንደርስ የጣቢያውን ስም ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ።

እስከ ሎዛን በስተቀኝ ሐይቁ፣ በስተግራ የወይን ተክል ነው። ከዚያ ባቡሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሐይቁ ወደ ታች ይቀራል። አረንጓዴ መስክ፣ ቡራቡሬ ላሞች፣ ደጃቸው ላይ ማገዶ በልክ የተደረደረ ቤቶች። ከፍሪቡር በኋላ የጣቢያው ጽሑፍ ወደ ጀርመንኛ ዞረ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎችም የሚያወሩት ጠፋኝ። ቡና በጋሪ እየገፋች የምትሸጥ ሴት መጣች፤ አንዱ ስኒ ሁለት ፍራንክ ተኩል ነው። ከቤት በፔርሙስ ሻይ ይዣለሁ። የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ጠጣሁት። "ልጄ፣ አልፈርምም። ብትቆጪም አልፈርምም።" በርን ከተማ ላይ ደህና ወጣልኝ። ዙሪክ ስንቃረብ ግን ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም።

ዙሪክና ሽሊረን፣ አራት ሰዓት ገደማ

ምሕረት ሐዲዱ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። አናጢዎች የሚለብሱትን ሰፊ ጥቁር ሱሪ ለብሳለች፤ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። አቅፌ ስስማት ከፀጉሯ ሰጋቱራ አነሣሁላት።

"እማዬ፣ ኡንተርሽሪፍቱን አመጣሽ?"

"ፊርማ በይ።"

"እሺ፣ ፊርማውን አመጣሽ?"

"ወረቀቱን አምጥቻለሁ።"

ትክ ብላ አየችኝና ሻንጣዬን ተቀበለችኝ።

ሽሊረን በአካባቢው ባቡር ጥቂት ደቂቃ ነው። መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ አንድ ዓይነት መስኮት ያላቸው ረጃጅም ፎቆች። ኪራዩ ከዙሪክ ስለሚቀል የእኛ ሰዎች እዚህ በርከት ይላሉ። ምሕረት የምትኖረው እትዬ ዘነበች ቤት ባለች አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ዘነበች የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ድንች አልጫ በሩዝ አቅርበው ገና አንድ ጊዜ ሳልጎርስ፣

"አስካለ፣ ፈርመሽ ነው የመጣሽው ወይስ ልታለቅሺ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም አላደርግም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ብዪ። ለጭቅጭቅም ጉልበት ያስፈልጋል።"

ምሕረት ሳቀች። እኔ ግን እዚያው ምግቡ ላይ መናገር ከበደኝ። "መጀመሪያ የምትሠሪበትን ቦታ አሳይኝ" አልኳት። ማይስተሩ ቅዳሜና እሑድ ተራራ ላይ ናቸው፤ ቁልፉን ለእናትሽ አሳዪበት ብለው ሰጥተዋታል።

ከቀትር በኋላ፣ እንጨት ሥራ ቤቱ

ከመጋዘኖቹ መካከል ያለ ከፍ ያለ አዳራሽ ነው። ገና በሩ ሲከፈት የጥድ ሽታ ይቀበላል። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መዶሻ፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ በየቅርጹ በተሣለለት ቦታ ተሰቅሏል። የጎደለ ቢኖር ከሩቅ ይታያል። ደስ አለኝ። ሰው እንዲህ ከሆነ ወጥ ቤቱም ንጹሕ ነው ብዬ አሰብኩ።

መሐል ላይ አዲስ ግድግዳ ቆሟል።

"ይኼን እዚህ ገጥመን፣ እናፈርሰዋለን፤ ከዛ በመርከብ ይሄዳል" አለችኝ ምሕረት። "እዚያ ሱቅ የለም። መዶሻ ከረሳሽ፣ ፌርቲሽ፣ አለቀ። ምስማር ሁሉ በቁጥር ነው። ደግሞ በጓንት ነው የምንለማመደው።"

ወፍራም ጓንት አድርጋ ምስማር መትታ አሳየችኝ። በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት አውራ ጣቷ ጠቁሮ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። በስልክ ደህና ነኝ ነበር የምትለኝ።

ቤቱን የሠሩት፣ ከብዙ ዘመን በፊት መርከባቸው በረዶ ውስጥ የተያዘባቸው መርከበኞች ናቸው። ከመርከቡ ሳንቃ ነቅለው አንዲት ክፍል ሠሩና ፀሐይ የማይወጣበትን ክረምት በሙሉ እዚያ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልኖረበትም። እንጨቱ ብርዱ ስለጠበቀው እንደ እኛ አገር በምስጥ አልተበላም። የሚበላው ነፋስ ነው። ነፋሱ የበረዶ ፍንጣሪ እየወረወረ ሳንቃውን ይልገዋል፤ የምስማሩ ራስ ብቻውን ወጥቶ ይቀራል። በረዶ በስንጥቁ ገብቶ ቤቱን ይሞላል፤ ሙቀት ሲመጣ ይቀልጥና ከወለሉ ሥር ተመልሶ ይጋገራል፤ ያን ጊዜ ቤቱን ከነምሰሶው ያነሣዋል። የእነምሕረት ሥራ በረዶውን መጥረግ፣ ውኃው የሚሄድበት ቦይ መቆፈር፣ ስንጥቁን መድፈን፣ የሞተውን ሳንቃ በዚያው ዓይነት እንጨት መተካት ነው። አዲሱ ሳንቃ ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል። ወደ ፊት የሚያየው ሰው አሮጌ መስሎት እንዳይታለል ነው አለችኝ።

"ማንም ለማይኖርበት ቤት?" አልኳት።

"እማዬ፣ ሰው ያለበትን ቤት ሰው ይጠብቀዋል። ይኼ ማንም የለውም።"

እኛም አዲስ አበባ የተወረሰ ቤት አለን። ሌላ ሰው ይኖርበታል፤ ጣሪያው ቢያፈስ የሚጮህ አለው።

ከዚያ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰደችኝና ነጭ ሸራ ገለጠች። ከራሱ ከቤቱ የመጣ ሳንቃ ነው፤ ስንጥቁ እዚህ ተጠግኖ ተመልሶ ይገጠማል። ፊቱ ጥቁር ነው፣ ምድጃ ላይ እንደ ኖረ ድስት። "ፎቶዎቹን ላምጣልሽ፣ ላይ ቢሮ ናቸው" ብላ ደረጃውን ወጣች። ወዲያው ላይ ስልክ ጮኸ። ድምፅዋ ይሰማኛል፤ በጀርመንኛ ታወራለች፣ ትስቃለች።

እኔ ጄኔቫ አጠገብ በግራንድ ሳኮኔ የአንድ ዲፕሎማት መኖሪያ ቤት ሳጸዳ ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። የብር ዕቃ፣ የተለበጠ ጠረጴዛ፣ የድሮ ሥዕል ያለበት ክፈፍ፣ ምንም ሳልጭር አጽድቻለሁ። ሳንቃውን ጎንበስ ብዬ ሳየው ልጄ የያዘችው ሥራ ቆሽሾ መቀመጡ ከነከነኝ። ሰኞ አለቃዋ ሲመጡ አንዷ ጥግ ነጥታ ቢያገኟት ምን ይላሉ ብዬ አሰብኩ። መሐረቤን በምራቄ አርጥቤ፣ ቀስ አድርጌ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ ጠረግሁ። መዳፍ የምታህል ቦታ ወርቃማ ሆና ወጣች። ታምራለች።

ምሕረት ፎቶዎቹን ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መጥታ መሐረቤን ከእጄ ወሰደች፣ ሳንቃውን አየች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቀርሻው ቆሻሻ አልነበረም። መርከበኞቹ ማገዶ አልቆባቸው የባሕር እንስሳ ሞራ ሲያነዱ የከረሙበት ጭስ ነው። በዚያ ቤት ሰው መኖሩን የሚናገረው እሱ ነው። አንድ ጭረት እንዳይነካው ነው እዚህ ድረስ በሣጥን የመጣው። ደግሞ ደንብ አለ፤ ከጠረጴዛው የሚነሣ ሰው ሳንቃውን ሳያለብስ አይሄድም። ያላለበሰችው ምሕረት ናት።

"ሰኞ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላለሁ" አለችኝ። "ያስቀሩኛል። ለተማሪ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ የሚፈልገው ብዙ ነው።"

ቅዳሜ ራትና እሑድ

እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ ሳህን ማጠባቸውን ትተው እጃቸውን አደራረቁ። ምሕረት ክፍሏ ገብታለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ እግዚአብሔር አንድ ነገር ሲሠራልሽ አታውቂም" አሉኝ ዝግ ብለው። "እንዳትሄድ ፈልገሽ አልነበር? ቀረች። አንቺም ክፉ አልሆንሽም፣ አልፈርምም አላልሽም። ዝም በይ።"

እውነታቸውን ነበር። ዝም ብል ልጄ ትቀርልኛለች። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጄኔቫ እመለሳለሁ፣ በየእሑዱ እደውልላታለሁ፣ ሁልጊዜም ታነሣለች።

እሑድ ዙሪክ ሐይቅ ዳር ወሰደችኝ። ፀሐይ ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ጀልባዎቹን፣ ድልድዩን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሰዓት እያሳየች በትሕትና ታጫውተኛለች፣ እንደ እንግዳ። አንድም ጊዜ አልወቀሰችኝም። ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ እጇን አየሁት። መዳፏ ጠንክሯል፣ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ጥቁሩ አሁንም አለ።

አስቤ አስቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። አልፈርምም ማለት መብቴ ነው፤ እሱን በአፌ እላታለሁ። በጥፋቴ ግን አላስቀራትም። ከሰዓት በኋላ ከባቡር ጣቢያው ሱቅ ደብተር ገዛሁና፣ እንቢ ከማለቴ በፊት ማይስተሩን የምጠይቃቸውን በተርታ ጻፍኩ።

ሰኞ፣ ጧት አንድ ሰዓት

ምሕረት ስትታጠብ ቀድሜያት ወጣሁ። መንገዱ ቀጥታ ነው፤ በመጋዘኖቹ ሥር፣ ጎማ የሚሸጥበትን አልፎ። ማይስተሩ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ሎዛን አንድ ዓመት ስለሠሩ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። የእሳቸውም እንደ እኔው የተሰባበረ ነው፣ ስለዚህ ተግባባን።

"የምሕረት እናት ነኝ። ቅዳሜ ሳንቃዎን ጠረግሁት። እሷ አልነካችም፤ እኔ ነኝ" አልኩና መሐረቡን አወጣሁ።

ሄደው ሸራውን ገለጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ።

"በምንድነው ያረጠቡት? ሳሙና አለው?"

"የለውም። በምራቄ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "በምራቅ?"

"ልጅ ሳለች ፊቷን የማብሰው እንዲሁ ነበር።"

ከንፈራቸው ሊስቅ ፈልጎ ተመለሰ። "ሥዕል የሚያጸዱ ሰዎችም በምራቅ ነው የሚያጸዱት። ከሁሉ የማይጎዳው እሱ ነው። ማጽዳት ብንፈልግ ኖሮ እርስዎን እቀጥር ነበር። እኛ ግን ማጽዳት አልፈለግንም።"

"አውቄአለሁ። አሁን አውቄአለሁ።"

ስንት ጊዜ እንደጠረግሁ፣ ከየት ወደ የት እንደሆነ፣ ጨርቁ ጥጥ መሆኑን ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ፤ ሰባት ጊዜ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጥጥ። ስስ ወረቀት አምጥተው የነጣችውን ቦታ በእርሳስ ነደፉ። መሐረቡን ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉ፤ ጥቀርሻው እሱ ላይ ስላለ የቤቱ ንብረት ነው አሉኝ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አደረጉ።

"የሆነውን ይጻፉ። ቤቱን የነካ ሰው ሁሉ ይጽፋል። እኔም ጽፌ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ በር ሰብሬአለሁ።"

"ፈረንሳይኛ መጻፍ አልችልም።"

"በሚችሉት ይጻፉ።"

አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ግን እጅ ጽሑፌ መጥፎ አይደለም። በአማርኛ ጻፍኩ። ምን እንዳደረግሁ፣ በምን፣ ለምን። ለምን የሚለው ላይ፣ "የልጄ ሥራ ያማረ እንዲሆን ብዬ" አልኩ። ከታች ስሜንና ቀኑን አኖርኩ። ይህ ወረቀት ከሳንቃው ጋር ወደ ዋልታ ይሄዳል፣ ትርጉሙም ይያያዝበታል።

ምሕረት እየሮጠች ገባች። አፏን ስትከፍት ማይስተሩ እጃቸውን አነሡና እኔም እንዲገባኝ በፈረንሳይኛ አሏት።

"የእናትሽን ከእናትሽ ሰምቻለሁ። የአንቺን ንገሪኝ።"

ወደ እኔ አየች። ከዚያ፣ "ሳላለብሰው ሄድኩ" አለች። ይኸው ብቻ።

"አዎ፣ ሳታለብሽው ሄድሽ። እስክንሳፈር ድረስ በየቀኑ ሁሉንም ሳንቃ አልብሰሽ፣ ቆጥረሽ፣ ቁልፉን የምትዘጊው አንቺ ነሽ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያ የሚያስፈራኝ የሚሳሳት ሰው አይደለም፤ ሁላችንም እንሳሳታለን። የሚደብቅ ሰው ከሆነ ግን ጋዙ እንደሚያፈስ ሳይነግረን ያስተኛናል። እሷን እወስዳታለሁ፣ እርስዎ ከፈረሙ።"

ያን ጊዜ ደብተሬን አወጣሁ። ምሕረት "እማዬ" ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ አላፈርኩም፤ ተቀምጬ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ድቡን ማን ይጠብቃል? በተራ፣ ጠመንጃ ይዘው፣ ሌሎቹ ሲተኙ አንዱ ነቅቶ። እሷም? እሷም፤ መተኮስ ተምራለች። (ይህንንም በስልክ አልነገረችኝም።) ሐኪም? ከሦስቱ ወንዶች አንዱ ነርስ ነው። የምትተኛው? ለብቻዋ ድንኳን አላት። ብትታመም? በሬዲዮ መርከብ ይጠራል፤ መርከቡ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ባሕሩ ከተጋገረ? ከዚያ በላይ።

የመጨረሻው ጥያቄ ደብተሩ ላይ ከሁሉም በትልቁ ተጽፏል። "ትመለሳለች?"

ማይስተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁላችንም ተመልሰናል። የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ቃል ግን አልሰጥዎትም። ቀኑንም እንኳ በረዶው ነው የሚወስነው።"

ባለቤቴን የወሰዱት ሰዎች ሳያመነቱ፣ እየሳቁ፣ አሁን ይመለሳል ነበር ያሉኝ። እኒህ ሰው ለማያውቋት ሴት፣ ሊዋሹኝ እየቻሉ፣ ቃል አልሰጥም አሉ። ልጄን በእጃቸው ብሰጥ የሚሆነውን የሚነግሩኝ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና በዚያው እስክሪብቶ ፈረምኩ። ፊርማው ጠመም ብሏል፣ ግን ይነበባል።

ምሕረት አቀፈችኝ። ትከሻዋ እንዲህ መስፋቱን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ማምሻ፣ ጄኔቫ

በአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ተመለስኩ። ስንነሣ እትዬ ዘነበች መስኮቱ ሥር ቆመው፣

"ዝም በይ ብዬሽ ነበር" አሉኝ።

"ብለውኝ ነበር።"

"ታዲያ አሁን አትፈሪም?"

"እፈራለሁ እንጂ እትዬ። የሱፍ ካልሲ የት እንደሚገዛ ያጠያይቁልኝ።"

በርንን፣ ፍሪቡርን፣ ሎዛንን አለፍን። ሐይቁ ሲታይ ፀሐይ ወደ ተራራው ተጠግታ ነበር። ኦ ቪቭ ደርሼ ደረጃውን ወጣሁ፤ ጋዙ ተዘግቷል፣ ሁሉም እንደተውኩት ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አወረድኩ። የምትሄድበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ነሐሴን ገለጥኩና የምትመለስበትን ቀን በእርሳስ ጻፍኩ።